የጥርስ ምልክት ያለበት ካቻቢቴ

ጋራዤን ለሥራ ባልደረባዬ ለዳኛቸው ለቅቄ ቤቴ ከተቀመጥኩ ወዲህ እንጅባራ ውስጥ ምክንያቱን አውቃለሁ የማይል ሰው የለም። አንዱ ወገቡ አልታዘዝ ብሎት ነው ይላል። ሌላው ልጆቹ በቃህ ብለውት ነው ይላል። አንድ ጎረቤቴማ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ አግኝቶኝ «ልትመነኩስ ነው አሉ፣ እውነት ነው?» ብሎ ሲጠይቀኝ ባለቤቴ የሺ በነጠላዋ አፏን ሸፍና እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። ወገቤ ደህና ነው፤ ከየሺ ማዕድ ተለይቼ መመንኮስም አይሆንልኝም። እኔን ከሥራዬ ያስነሳኝ ድንጋጤ ነው። ያ ድንጋጤ እስከ ዛሬ ከሰውነቴ አልወጣም።

ዕድሜዬን የጨረስኩት መኪና በመስማት ነው። መጠገኑንማ ሁሉም ይጠግናል፤ እኔ የምታወቀው በጆሮዬ ነበር። መኪና ከአስፋልቱ ታጥፎ ወደ ግቢዬ ሲገባ ገና ከመቀመጫዬ ሳልነሳ «የፊት ግራ ጎማው ኩሽኔታ አልቋል» እል ነበር። ሹፌሩ ወርዶ አፉን ይዞ ያየኛል። ከቻግኒም ከአዘናም «የመካኒኩን የሞላን ጆሮ ፈልገን መጣን» እያሉ የሚመጡ ነበሩ። እኔም ተኩራራሁበት፤ ምን ያስዋሸኛል።

ይህን ጆሮ የሠሩልኝ አያ ዘለቀ ናቸው። ትምህርቴን አቋርጬ ሥራ ፍለጋ ስንከራተት ዳንግላ ገበያው ዳር ከነበረው ጋራዣቸው ያስጠጉኝ እሳቸው ነበሩ። ረጅም፣ ዝምተኛ፣ ግሪስ መሐል ውለው ሸሚዛቸው የማይቆሽሽ ሰው ነበሩ። አገሩ ሁሉ ኩሩ ናቸው ይላቸዋል። ከኋላ ቢጠሯቸው አይዞሩም። ገበያ መሐል ስማቸውን እየጠራ የተከተላቸው ሰው ሰላምታ ሳያገኝ ተቀይሞ ይመለስ ነበር። ኮፈን ከፍተው አጎንብሰው ሳለ ባለመኪናው ከጎናቸው ሆኖ ማውራት ከጀመረ ቀና ይሉና «ና፣ ፊት ለፊቴ ቁምና ንገረኝ» ይሉታል። ሹመኛም ይሁን ገበሬ ፊታቸው ቆሞ፣ ዓይን ለዓይን እየተያዩ ካልሆነ የመኪናውን ነገር አይነጋገሩም። እኛ ሠራተኞቻቸው ይህን ለሰው ካላቸው ክብር ቆጠርንላቸው። የቤተ ክርስቲያኑ ደወል ሲደወልም ሁልጊዜ የሚያማትቡት እኛ ካማተብን በኋላ ነበር። እሱን ደግሞ ትሕትና አልነው።

የእንጨት እጀታ ያለው ረጅም ካቻቢቴ ነበራቸው። አንድም ቀን ብሎን ሲፈቱበት አላየሁም። ሞተሩ እየሠራ የካቻቢቴውን ጫፍ ብረቱ ላይ ያሳርፉና እጀታውን በጥርሳቸው ይነክሱታል። ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። ያኔ ማንም አያናግራቸውም። እኛን ግን ያስተማሩን እጀታውን ከጆሯችን ኋላ ካለው አጥንት ላይ እንድናስደግፍ ነው። አንድ ቀን ደፍሬ «እርስዎ ለምን ይነክሱታል?» ብላቸው «አመል ነው» አሉኝና አለፉት። እጀታው ላይ ጥርሳቸው ሁለት ጉድጓድ ቆፍሮበታል። እሳቸው ሳይኖሩ እኛ እየነከስን፣ ዓይናችንን እየጨፈንን እናስመስላቸውና እንስቅ ነበር።

ነክሰው ሲጨርሱ ካቻቢቴውን ለእኔ ያቀብሉኛል። «ስማ» ይላሉ። እሰማለሁ። ከዚያ ፊቴ ይቆሙና ዓይናቸውን አፌ ላይ ተክለው «ምን ሰማህ?» ይላሉ።

ይህን ጥያቄ ሳይጠይቁና መልሱን ሳያገኙ ቁልፍ አያነሱም። «ይጮሃል» ብል አይለቁኝም። «እንዴት ነው የሚጮኸው? ቀጭን ነው ወፍራም? ነዳጅ ስትሰጠው ይፈጥናል ወይስ እዚያው ነው? ሲሞቅስ?» እያሉ አንጀቴ እስኪደርቅ ያፋጥጡኛል። አንድ ጊዜ ከቻግኒ የመጣ አውቶቡስ ሞተሩ ሲቀጠቅጥ ሦስት ጋራዥ ዞሮ እኛ ዘንድ ደረሰ። እሳቸው ነከሱ፣ እኔ ሰማሁ። «ተክ ተክ ይላል፣ ደረቅ ነው፤ አሁን ሞቅ ሲል እየለዘበ ነው» አልኳቸው። ፊታቸው ሲበራ ትዝ ይለኛል። «ፒስተን ነው፣ ክፈቱት» አሉ። ተከፈተ፤ ፒስተን ነበር። ያን ቀን እንጀራዬ ጆሮዬ ላይ እንደሆነ ገባኝ። ጥያቄያቸውን ፈተና ነው ብዬ ስለማምን በየቀኑ እንደ ተማሪ ተዘጋጅቼ ነበር የምሄደው።

ከዳንግላ ወጥቼ የመንገድ ሥራ ካምፕ ስቀጠር ስንብት ላይ ያንን ካቻቢቴ እጄ ላይ አስቀመጡት። «እርስዎስ?» ስላቸው «እኔ ሌላ አላጣም» አሉ። ካምፑ ደመወዙ ቋሚ፣ አለቃው ደግሞ ለአንዲት ብሎን ሦስት ፊርማ የሚያስፈርም ሰው ነበር። ብሎኗ ተፈርሞላት እስክትደርስ ግሬደሩ በሽቦ ታስሮ ይሠራል። ያ ሁሉ ዘመን ያለፈው በድንጋይ መፍጫውና በኮምፕሬሰሩ መካከል ነው። ከሥራ ስንወጣ ማታ ማታ ጆሯችን ውስጥ ፉጨት ይቀራል፤ «ደመወዛችን እየመጣ ነው» እያልን እንቀልድበት ነበር። ጆሮን መሸፈን የሚባል ነገር ማን አውቆ። ካምፑ ሲዘጋ እንጅባራ መጥቼ የራሴን ጋራዥ ከፈትኩ፤ ቆየት ብሎ ዳኛቸው አብሮኝ መሥራት ጀመረ። ዳኛቸው የሁለት ልጆች አባት ነው፣ እጁ ንጹሕ፣ ቁጥብ ሰው።

ከጥቂት ዓመታት ወዲህ እሑድ ከሰዓት ከየሺ ጋር ዘንገና ሐይቅ ዳር ስንሄድ አንድ ነገር ያሳዝነኝ ነበር። «ወፉ ሁሉ ጠፋ እኮ» እላታለሁ። ድሮ ያ ጫካ ጠዋትና ማታ በወፍ ድምፅ ነበር የሚናወጠው። ጥፋቱን በዲከረንስ ላይ ጣልኩት። ገበሬው እርሻውን ትቶ ማሳውን በዚህ ለከሰል በሚሆን ዛፍ ስለሸፈነው ወፍ አገሩን ለቀቀ ብዬ ደመደምኩ። ዕድር ላይ ሳይቀር ተነሥቼ ስለዚህ ተናግሬያለሁ፤ ሰውም ራሱን ነቀነቀልኝ። የሺ ብቻ ዝም ብላ ታየኝ ነበር።

እንግዲህ ወደ ሲስተር ብርቱካን መኪና ልምጣ።

ሲስተር ብርቱካን ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ከዘንገና ወዲያ ባለ ጤና ጣቢያ የምትሠራ ነርስ ናት። አባቷ የተዉላትን አሮጌ የቤት መኪና ትነዳለች። ጠዋት ልጇን ትምህርት ቤት ታደርስና በዚያው ወደ ሥራዋ ትሄዳለች። አንድ ቀን ዳኛቸው ዕቃ ሊገዛ ወጥቶ እኔ ብቻዬን ሳለሁ መጣች።

«ጋሼ፣ መኪናዬ እየጮኸብኝ ነው» አለች።

«ከየት በኩል?»

«ከኋላ ወንበር ሥር። ቀጭን ፉጨት ነው። ሰሞኑን ብሶበታል፤ ዳገት ላይ ደግሞ ጉልበት ያንሰዋል።»

እዚህ ላይ ስለ ነዳጅ ፓምፕ ትንሽ ልበል። በጥንቶቹ መኪኖች ፓምፑ ሞተሩ ጎን ላይ ነበር የሚቀመጠው፤ ይታያል፣ ይዳሰሳል። በኋላ የመጡት ግን በኤሌክትሪክ የሚሠራ ፓምፕ ነዳጅ የሚጠራቀምበት ሰልባትዮ ውስጥ፣ ነዳጁ መሐል አሰመጡ። የሚያቀዘቅዘውም ነዳጁ ራሱ ነው። ሰልባትዮው ባዶ እየሆነ ከተነዳ ይግላል፤ ወንፊቱ ከተደፈነ መሳብ ያቅተውና ያለቅሳል። በእኛ አገር ደግሞ ነዳጅ በጠፋ ቁጥር ሰው ከመንገድ ዳር በጀሪካን ይገዛል። ቆሻሻ እንዳይኖረው ብሎ በጨርቅ ያጠልለዋል። ጭቃውን ጨርቁ ያስቀረዋል፣ የጨርቁ ብናኝ ግን አብሮ ይገባና ወንፊቱ ላይ እንደ ጥጥ ይጋገራል። ይህን ሁሉ እኔ አውቃለሁ። ሲስተር ብርቱካንም በሦስት ዓረፍተ ነገር በሽታውን ሙሉ በሙሉ ነግራኛለች።

እኔ ግን ጆሮዬን ነበር የማምነው። የኋላውን ወንበር አንሥቼ ካቻቢቴውን የፓምፑ ክዳን ላይ አሳረፍኩና እጀታውን ከጆሮዬ ኋላ አስደገፍኩ። «ቁልፉን አዙሪ፣ ሞተሩን ግን አታስነሺ» አልኳት። እንዲህ ሲደረግ ፓምፑ ለአፍታ ሠርቶ ያቆማል፤ ጤናው የሚታወቀው በዚያች አፍታ ነው። አዞረች። ምንም የለም። «አስነሺው» አልኳት። ሞተሩ ተነሣ። ከኋላ በኩል ምንም የለም። ጸጥታ ነው።

«የኔ እመቤት፣ መኪናሽ ካንቺ ይሻላል» አልኳት እየሳቅሁ። «ስትነጂ ዘፈን ክፈቺ፣ ፉጨቱ ያኔ ይለቅሻል።»

«ጋሼ፣ አሁንም እኮ እየጮኸ ነው።»

«የሌሊት ተረኛ ነበርሽ አይደል? ጆሮሽ ነው፣ ሂጂና ተኚ።»

ወንበሩን ስመልስ እያየችኝ ቆመች። ልሳቅ አልሳቅ ብላ የቸገራት ትመስላለች። በመጨረሻ «እርስዎ ካሉማ» አለችና ሄደች።

እርስዎ ካሉማ። ይህ ቃል ስንት ሌሊት እንቅልፍ እንደነሣኝ የሺ ታውቃለች።

በሳምንቱ ገደማ፣ ጠዋት፣ ጉሙ ከተማውን ውጦት ሳለ አንዲት ባጃጅ በራችን ላይ ቆመች። ሲስተር ብርቱካን ወረደች። ነጭ ጋዋኗ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ነው። እጇ ላይ ቅጠሉ ያልረገፈ የዲከረንስ ቅርንጫፍ ይዛለች። መያዟን የምታውቀው አልመሰለኝም።

«ጋሼ፣ ዝም አለ» አለች።

«ምኑ ነው ዝም ያለው?»

«ፉጨቱ። ዳገቱ መሐል ሲጮህ ሲጮህ ቆይቶ ዝም አለ። ወዲያው ሞተሩ ጠፋ።»

የሆነውን ቆማ ነገረችን፤ ተቀመጪ ብንላትም አልተቀመጠችም። ልጇን ትምህርት ቤት አድርሳ የዘንገናን ዳገት ስትወጣ መኪናው መንገዱ መሐል ቆመ። በጉሙ ምክንያት የእጇ ጣት እንኳ አይታያትም ነበር። አገር ያወቀውን ልታደርግ፣ ከኋላ የሚመጣ መኪና ከሩቅ እንዲያስተውል ቅጠል ልታነጥፍ ወረደች። መንገድ ዳር ካለው ዛፍ ቅርንጫፍ እየሰበረች ሳለች ገልባጭ መኪና ከጉሙ ውስጥ ወጣ። ፍሬን ያዘ፣ ግን ዳገቱ እርጥብ ነው። የእሷን መኪና ከኋላ ገጭቶ ቦይ ውስጥ ከተተው።

«ሹፌሩ ደህና ነው» አለች። «እኔም ደህና ነኝ።» ከዚያ ድምፅዋ ተለወጠ። «ልጄ የምትቀመጥበት ወንበር ግን የለም። ተጣጥፎ ከፊተኛው ጋር ተጣብቋል። ገና አሁን እኮ ነው ያወረድኳት።»

ጎማ ላይ ተቀመጥኩ። ሲስተር ብርቱካን አልጮኸችብኝም፣ አልሰደበችኝም። ቅርንጫፏን እንደያዘች ዓይን ዓይኔን እያየች «ጋሼ፣ ይጮህ ነበር እኮ» አለች። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

እኔ ግን በዚያ ሰዓት እንኳ አልተሸነፍኩም። በእግዚአብሔር ፊት እምላለሁ፣ ያኔ ያ ፓምፕ አልጮኸም፤ ሌላ ነገር ነው ያቆመው፣ ገመድ ነው፣ ፊውዝ ነው አልኩ። መኪናው ተጎትቶ ሲመጣ «አሁኑኑ እናየዋለን» አልኩ። እሷም «እኔም ልይ» ብላ ቆመች። የተጨማደደውን ቆርቆሮ በፌሮ ብረት ፈልቅቀን አነሣንና ሰልባትዮውን ከፍተን ፓምፑን አወጣን። ወንፊቱ በነጭ ብናኝ ተጋግሮ ቡኮ መስሏል። ዳኛቸው በጣቱ ቢልጠው እንደ ቆዳ ተላጠ። «ይኼው ጋሼ፣ የማጠለያ ጨርቅ ነው» አለ።

ወንፊቱ ተደፍኗል ማለት ፓምፑ ጮኾ ነበር ማለት አይደለም ብዬ ተከራከርኩ። ወንፊቱን አጥበን ፓምፑን ነጭ ጋዝ ባለበት ሳፋ ውስጥ አስገባሁትና ሁለቱን ገመድ ከባትሪ ጋር አገናኘሁ።

ጸጥ አለ።

«ሞቷል» አልኩ። «ይኼው፣ ተቃጥሎ ሞቷል፤ የሞተ አይጮህም።»

ቀና ስል ሲስተር ብርቱካን ሁለት ጆሮዋን በመዳፏ ደፍናለች። ዳኛቸው ፊቱን አጨማዶ ወደ ኋላ ሸሽቷል። ሁለቱም እኔን ነው የሚያዩት። የዳኛቸው አፍ ሲንቀሳቀስ አየሁ፤ ቀረብ ብሎ ደገመልኝ።

«ጋሼ፣ እየጮኸ ነው እኮ! አይሰማዎትም?»

ቀልድ መሰለኝ። ሳፋውን አየሁት። የነጭ ጋዙ ፊት ይርገበገባል፣ ከፓምፑ አፍ ፈሳሽ ይተፋል። እጄን ሰድጄ ያዝኩት፤ ጣቶቼ መሐል እንደታሰረ ንብ ይንዘረዘራል። እየሠራ ነበር። ሲግል የሚያቆም፣ ሲቀዘቅዝ የሚነሣ ፓምፕ ነበር። እዚያ መሐል እየጮኸ፣ ሰው ጆሮውን ደፍኖለት፣ እኔ ከዚህ ዓለም ድምፅ ውጭ ቆሜ ነበር።

ገመዱን ስነቅል ሁለቱም እጃቸውን ከጆሯቸው አወረዱ። ለእኔ ግን ምንም አልተለወጠም። ከመንቀሌ በፊትም ጸጥታ፣ ከነቀልኩ በኋላም ጸጥታ ነው። ያኔ ነው ሌላው ነገር የታየኝ። ጤነኛ ፓምፕም እኮ ዝም አይልም! ቁልፉ ሲዞር ትንሽ እም ይላል፤ ማንም መካኒክ ያውቀዋል። የዚያን ቀን ምንም አለመስማቴ ብቻውን ሊያስደነግጠኝ ይገባ ነበር። እኔ ግን የገዛ ጆሮዬን ሞት የመኪና ጤና አድርጌ ቆጠርኩት።

ሲስተር ብርቱካን ከሄደች በኋላ ዳኛቸውን «ታውቅ ነበር?» አልኩት።

መሬት መሬት እያየ ጀመረ፤ አልሰማሁትም። «ፊቴ ቁምና ንገረኝ» አልኩት። ቃሉ ከአፌ እንደወጣ የሌላ ሰው ቃል መሰለኝ፣ የማን እንደሆነ ግን ገና አልገባኝም።

«ከኋላ ስጠራዎት አይዞሩም» አለ ዳኛቸው ቀና ብሎ። «ጋሼ ኩሩ ስለሆኑ ነው እል ነበር።»

እሱ ወደ ቤቱ ሲሄድ እኔ ቀረሁ። ካቻቢቴው ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። አወረድኩት። እጀታው ላይ ያሉትን ሁለት ጉድጓዶች በአውራ ጣቴ ዳሰስኳቸው። ፓምፑን መልሼ ከባትሪው ጋር አገናኘሁና ጫፉን አሳረፍኩበት። በጆሮዬ ሞከርኩ፤ የለም። ከዚያ አፌን ከፍቼ እጀታውን ነከስኩት። ጥርሶቼ በእነዚያ ጉድጓዶች ውስጥ ገቡ።

መጣ። በጥርሴ፣ በመንጋጋዬ፣ በራስ ቅሌ ውስጥ መጣ። ቀጭን፣ ሻካራ፣ እዚህም እዚያም የሚደናቀፍ መንዘርዘር ነው። ያለቀ ኩሽኔታ እንደሆነ ሕፃን እንኳ ይለየዋል። ካቻቢቴው ከአፌ ወደቀ፤ እኔም አላነሣሁትም። አያ ዘለቀ ፊቴ ላይ ድቅን አሉብኝ። ከኋላ ሲጠሩ የማይዞሩት፣ ፊት ለፊቴ ቁም የሚሉት፣ ደወሉ ሲደወል እኛን አይተው የሚያማትቡት አያ ዘለቀ! መስማትን ያስተማሩኝ ሰው አይሰሙም ነበር።

ቤት ገብቼ ለየሺ ስነግራት ድስቱን አስቀምጣ አጠገቤ ተቀመጠች። «ወፎቹስ?» አልኳት። «ወፎቹማ የትም አልሄዱም» አለችኝ ቀስ ብላ፣ አፏን እንዳይ ወደ እኔ ዞራ። «ሬድዮኑን ቀንስ እያልኩህ ስንት ዘመኔ ነው። ትቆጣለህ ብዬ ተውኩት።» በዚያ ሁሉ ድንጋጤ መሐል በዲከረንስ ላይ ያደረግሁት ንግግር ትዝ ብሎኝ አፈርኩ። ኋላ ባሕር ዳር ያየኝ የጆሮ ሐኪምም ቀድሞ የሚሄደው ቀጫጭኑ ድምፅ ነው፣ የሰው ንግግር ግን ስለሚቀር ባለቤቱ ሳያውቀው ይኖራል አለኝ።

ጠዋት ሚኒባስ ይዤ ዳንግላ ሄድኩ። አያ ዘለቀ ዛሬ በጣም ሸምግለዋል። በረንዳቸው ላይ ፀሐይ እየሞቁ ነበር፣ ጀርባቸውን ለበሩ ሰጥተው። ከደጃፉ ቆሜ «አያ ዘለቀ!» ብዬ ጮኽኩ። ጎረቤቶች ሳይቀሩ ብቅ አሉ። እሳቸው አልዞሩም። ዞሬ ፊታቸው ስቆም ግን ወዲያው አወቁኝ፤ ተነሥተው አቀፉኝ።

ካቻቢቴውን ከቦርሳዬ አወጣሁት። እሱንም እኔንም አዩ። ምንም ሳልናገር ገባቸው፤ ፊታቸው ላይ ሐዘን አየሁ።

«አንተም?» አሉኝ።

«መቼ ነው ጆሮዎ የሄደው?» ብዬ ጠየቅኋቸው፣ አፌን እያሳየሁ።

«በጉርምስናዬ፣ ታምሜ። አንተ ከመምጣትህ በፊት ነው።»

«ለምን አልነገሩንም?»

«መስማት ለተሳነው መካኒክ መኪናውን የሚሰጠው ማን ነው? ቤተሰብ ነበረብኝ።»

«ታዲያ እኛን እንዴት አስተማሩን? ያ ሁሉ ፈተና፣ ያ ሁሉ ምን ሰማህ...»

ሳቁ። ጥርሳቸው አንድም የለም። «የምን ፈተና? አንተን አስተምሬህ አላውቅም። ስጠይቅህ ነው የኖርኩት» አሉኝ።

ያ ሁሉ ማፋጠጥ፣ ቀጭን ነው ወፍራም፣ ሲሞቅስ... ሰውየው እውነት መልሱን አያውቁትም ነበር። ጥርሳቸው ግማሹን ይነግራቸዋል፣ ግማሹን ከእኔ አፍ ይቀበላሉ። አውቶቡሱን ያዳንነው ለሁለት ነበር። እኔ ልጁ ተማሪ ነኝ ስል የሰውየው ጆሮ ነበርኩ።

የሲስተር ብርቱካንን ነገር አንድ ሳላስቀር ነገርኳቸው። ስለ ወንበሩ ስነግራቸው ዓይናቸውን ጨፈኑ፤ ስለጨፈኑ ንግግሬን አቆምኩና እስኪገልጡ ጠበቅሁ። «አልሰማሁትም፣ አያ ዘለቀ። ጆሮዬ ሞቶ ልጅ ልገድል ነበር» አልኩ።

«ልጅቷ ስትመጣ ምን አለችህ?»

«ከኋላ ወንበር ሥር ያፏጫል አለችኝ።»

አያ ዘለቀ ተቆጡ። የዱሮው ቁጣቸው መጣ። «ታዲያ ሰምተኸው የለም እንዴ!» አሉኝ።

ካቻቢቴውን ቦርሳዬ ውስጥ መልሼ ከተትኩና ወደ እንጅባራ ተመለስኩ።

መኪናውን መልሶ መሥራት ጊዜ ወሰደ። የኋላውን ቆርቆሮ ቀጥቃጭ አስተካከለው፣ ወንበር ከሌላ መኪና ተገኘ፣ ፓምፑንና ወንፊቱን በአዲስ ቀየርን። ጋራዡን ለዳኛቸው እንደምለቅ ወስኜ ነበር፤ ይህን መኪና ግን ሳልጨርስ አልወጣም አልኩ። ሲስተር ብርቱካን ልትወስደው የመጣች ቀን ወንበሩን አንሥቼ ካቻቢቴውን ክዳኑ ላይ አሳረፍኩና ነከስኩት። ዳኛቸው እንደዚያ ሲያየኝ አልሳቀም። ቁልፉን አዞረች። ጥርሴ ውስጥ ለስላሳ፣ የማይደናቀፍ መንዘርዘር አለፈና ቆመ።

ከዚያ ወጥቼ ፊቷ ቆምኩ። «አሁን ደግሞ አንቺ ስሚ» አልኳት። ቁልፉን አጥፍታ ደግማ አዞረችው። ጆሮዋን ወደ ኋላ ጥላ ትንሽ ቆየች።

«ምን ሰማሽ?»

«እም ይላል» አለች። «ቀጭን አይደለም። ወዲያው ያቆማል።»

«ሲነሣስ?»

አስነሥታ ነዳጅ ሰጠችው፣ ለቀቀችው፣ ደግማ ሰጠችው። በጭራሽ አላጣደፍኳትም። «ፉጨት የለም» አለች በመጨረሻ። «ደህና ነው ጋሼ። ልሂድ?»

«አንቺ ካልሽማ» አልኳት።